በረጅሙ ልክ የተሠራ ሰደፍ

ጋሪው የሐይቁን ዳር መንገድ ለቆ ወደ ከተማው ድልድይ ሲታጠፍ፣ ከምትነዳው ሴት አጠገብ የተቀመጡት አማቷ ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ ነበር። በልጃቸው የክረምት ካፖርት ጠቅልለውታል። የጋሪው እግር ጉድጓድ በገባ ቁጥር በሁለት እጃቸው እቅፍ ያደርጉታል፤ ለሚያያቸው ሰው የታመመ ሕፃን ወደ ሐኪም የሚወስዱ ነው የሚመስሉት።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ» አሉ። «በቅሎዋ ሰክራለች እንዴ?»

«በቅሎዋ ምን ታድርግ እማማ፤ መንገዱ ነው።»

«እሱ በሚነዳ ጊዜም ይኸው መንገድ ነበር።»

ምራታቸው ልጓሙን ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም። ከኚህ ሴትዮ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር የተማረችው ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፤ «እሱ በነበረ ጊዜ» የሚል ወሬ ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት። እሱ በነበረ ጊዜ ጣሪያው አያፈስም፣ እሱ በነበረ ጊዜ ዳቦው ይነፋል፣ እሱ በነበረ ጊዜ ድመቷ እንኳ አይጥ ትይዝ ነበር። ምን መልስ ይሰጣል? እሷም ልቧ የሚያወራው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ አማቷ በአፋቸው ማውራታቸው ብቻ ነው።

የምራትየዋን ባል አገሩ ሁሉ «ረጅሙ» ይለዋል። እውነትም ረጅም ነው፤ በገዛ ቤቱ በር ሲገባ የሚጎነበስ፣ ተቀምጦ እንኳ ከቆመ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያይ። የሻለቃው ርስት ሐይቅ ጠባቂ ነበር። ሥራው በዘር ጊዜ ከሐይቁ ተነሥቶ ማሳው ላይ የሚወርደውን የዝይ መንጋ መመለስ፣ በአደን ወራት ደግሞ ለጌታው ማዕድ የሚሆነውን መምታት ነው። የወንዝ ማዶው ጦርነት ሲነሣ ተጠባባቂ ወታደሮች ተጠሩና እሱም የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ እጅጌው ከክንዱ አጥሮበት፣ ሄደ። ጦርነቱ አለቀ። የሄዱት በጀልባም በባቡርም በእግርም ተመለሱ፤ እጁን የተወው፣ ዓይኑን የተወው፣ ጠባዩን የተወው ሁሉ መጣ። ረጅሙ ግን አልመጣም። ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም።

የሄደ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ «ከዚህ ቤት እንዳትነቃነቁ» ብሏቸው ነበር። «ስመለስ አገር ላገር አላስስም፤ እዚሁ ነው የምመጣው።» ሚስቱ በዚህ ቃል ነው የኖረችው። ወደ ቤቱ በሚወስደው የእንጨት መሻገሪያ ላይ አንዲት የበሰበሰች ሳንቃ አለች፤ እሱ ሁልጊዜ ይዘላታል። ማታ ሳንቃዋ ሲጥ ስትል ልቧ ብድግ ይልና ወዲያው መልሶ ይቀመጣል፤ ሳንቃዋን የረገጠ ሰው እሱ አይደለማ። ስንቱ ጎረቤት «አስጠግኛት፣ ሰው ትሰብራለች» ብሏታል፤ እሷ እቴ! ናፍቆቱን ቀን ቀን ሥራ ይሸፍነዋል፣ ሲመሽ ግን ከእሷ ጋር አልጋ ይወጣል። ፊቱን አልረሳችም። ድምፁ ግን እየራቃት ነው፤ እሱን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ጣጣው ቤቱ የሥራው ቤት መሆኑ ላይ ነው። ጠባቂ ከሌለ ቤት የለም። ሻለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከአንድ አዝመራ በላይ ታገሡ። በዘንድሮው ዘር ግን ዝዮቹ ማሳውን ሲያራቁቱት የርስቱ አስተዳዳሪ ሌላ ሰው መፈለግ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ምራትየዋ ሻለቃው ፊት ቆማ፣ ሳታስበው ከአፏ አምልጧት፣ «እኔ አለሁ» ያለችው። ሻለቃው ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፤ ግን ዛሬም የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ጉሮሯቸው ሳይቆልፉ ሰው አያናግሩም። አልሳቁባትም።

«ልጄ፣ የእኔ ዓይን ደክሟል፤ እኔ ልፍረድ ብል ግፍ ነው» አሏት። «ቅዳሜ ጠመንጃ ሠሪው አንድ ጆሮ ዘንድ ሂጂና አሳዪው። ‹ትተኩሳለች› ብሎ ከላከብኝ ሥራውም ቤቱም ያንቺ ነው። ካላለ ግን ሰኞ አዲስ ሰው ይገባል። ከዚህ በላይ ደግነት አልችልም።»

«እንደ ትእዛዝዎ ጌታዬ ሻለቃ» ብላ እጅ ነሥታ ወጣች።  ጠመንጃ እንዴት እንደሚጎረስ ያወቀችው ገና በዚያው ሰሞን ነው።

እና ዛሬ ቅዳሜ ነው።

አንድ ጆሮ የሚባሉት ጠመንጃ ሠሪ ሱቃቸው ከድልድዩ ማዶ፣ ከሸክላ ሠሪው ግቢ ጋር በአንድ አጥር ነው። የሠሩትን አፈሙዝ ሁሉ ራሳቸው እየተኮሱ ስለሚፈትሹ ግራ ጆሯቸው ከባለቤቱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሰው ሲያናግራቸው ቀኙን ጆሯቸውን እያዞሩ እንደ ዶሮ ቀና ይላሉ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ መስኮቱን የብረት ብናኝ አጥቁሮታል፣ ሞረዶቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ ጣሪያው ሥር ለሰደፍ የሚሆን ጠንካራ እንጨት ተደርድሮ ይደርቃል። የተልባ ዘይት ይሸታል።

ሽማግሌው ካፖርቱን ገልጠው ጠመንጃውን ሲያዩ ሰዎቹን ሰላም ማለት ረሱ።

«መጣህ?» አሉት ጠመንጃውን። ወገቡ ላይ አጥፈው ከፈቱትና ሁለቱን አፈሙዞች ወደ መስኮቱ አቅንተው አጮለቁ። «ንጹሕ ነው። ማነው የሚወለውለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቲቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቷም በዚያው ቅጽበት።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዷ ጠዋት፣ አንዷ ማታ፣ ሳይነጋገሩ ይወለውሉታል። ሽማግሌው አንዷን ካንዷ አዩና ጠመንጃውን መልሰው ገጠሙት። የመጡበትን ጉዳይ የሻለቃው አስተዳዳሪ አስቀድሞ ነግሯቸዋል።

«በሉ ወደ ጓሮ» አሉ። «ወሬ ዒላማ አይመታም።»

ጓሮው ረጅምና ጠባብ ነው። በዳር በኩል ከአሮጌ የእንፋሎት ሞተር የተነቀለ፣ የሰው ቁመት ያለው የብረት ሰሌዳ ቆሟል። ከአጠገቡ ኖራ የተበጠበጠበት ባልዲና ትልቅ ብሩሽ አለ። ሽማግሌው ሰሌዳውን በኖራ ነጭ አድርገው ቀቡት፤ እርጥብ ኖራ ላይ ከጠመንጃው የሚወጣው የእርሳስ ፍሬ ያረፈበት ሁሉ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ መልሶ መቀባት ነው። በመካከሉ በከሰል ጥቁር ምልክት አደረጉ፤ ዙሪያውንም በገመድ ለክተው ክብ ሠሩ።

«ስሚ ልጄ» አሉ። «ይሄ የጦር ሜዳ ጠመንጃ አይደለም፣ አንድ ጥይት አይተፋም። የሚተፋው እንደ ማሽላ የደቀቀ እርሳስ ነው፤ እየሄደ ይበተናል። እኔ የማየው ወዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚበተን ነው። ክቡ ውስጥ በየቦታው እኩል ከወረደ፣ ዝይቱ የትም ብትሆን አታመልጥም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል አባባ።»

ከቤት ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ የመጣውን የነሐስ ቀለህ አስገባች። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች፣ ዓይኗን ጨፈን አደረገች፣ ቃታውን ሳበች። ጠመንጃው እንደ በቅሎ ረገጣት። አማቷ ሁለት ጆሯቸውን እንደያዙ «ገደለቻት!» አሉ፤ ማን ማንን እንደሆነ አልታወቀም።

ጭሱ ሲገፈፍ ሦስቱም ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ጥቁሮቹ ነጥቦች ዳር ዳሩን ተበትነው፣ መካከሉ ባዶ ነው። ሌላ ተኮሰች፤ ያው።

«በዚህ ቀዳዳ ዝይ ከነቤተሰቧ ታልፋለች» አሉ ሽማግሌው። ጣታቸውን ነጩ ላይ አሳረፉ። «ባሩዱን ማነው የሰፈረው?»

ሚስቲቱ ወደ አማቷ አየች። አማቷ ደግሞ ወደ ሰማይ አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «መስፈሪያውን ሞልቼ አንዲት ቁንጥር ጨመር አደርጋለሁ። ልጄ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ‹ይቺ የእናቴ ናት› እያለ።»

«እትዬ፣ የሚጨምረው እርስዎ ሲያዩት ነው። እዚህ ሲመጣ መልሶ ይቀንሳታል።»

«ውሸት ነው።»

«ባሩድ እንደ ጨው ነው፤ በዛ ማለት ጣፈጠ ማለት አይደለም። ሲበዛ እርሳሱን ከኋላ እየደበደበ ይበትነዋል።»

አማቷ ከንፈራቸውን ነከሱ። ልጃቸው ዓይናቸው እያየ እንደሸነገላቸው ገና ዛሬ መስማታቸው ነው። ደግሞ ያን ያህልም አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ፈካ አለ፤ ከእሱ የመጣ አዲስ ወሬ ከሰሙ ብዙ ጊዜያቸው ነበር።

ሽማግሌው ቀለሆቹን ሁሉ አስፈትተው እንደገና አስሞሏት፤ ባሩዱን ራሷ ሰፈረች፣ የወፍራም ወረቀቱን ውታፍ ራሷ ጠቀጠቀች፣ እርሳሱን ራሷ ሞላች። ሰሌዳው ተቀባ፤ ተኮሰች። አሁን እርሳሱ ግጥም ብሎ ወረደ፤ ቀዳዳ የለው ምን የለው። ብቻ የወረደው ክቡ ላይ አይደለም። ወደ ግራ ሄዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ተከማችቷል።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አለች።

«ድገሚው።»

ሰሌዳው ተቀባ፤ ደገመች። ወደ ግራ፣ ዝቅ ብሎ። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሠለሰች። ወደ ግራ፣ ዝቅ ብሎ። እንደዚያ ተግባብቶ በአንድ ቦታ የሚሳሳት ነገር አይታ አታውቅም። ስለዚህ ብልጠት መጣላት፤ በሚቀጥለው ከምልክቱ ወደ ቀኝ፣ ከፍ አድርጋ አነጣጠረች። እርሳሱ ምልክቱ ላይ ጉብ አለ።

አማቷ አጨበጨቡ። «ይኸው! ይኸው መታች። በሉ ወረቀትዎን ያውጡና ለሻለቃው ይላኩልን፤ ጋሪያችን ሳይመሽብን እንሂድ።»

ሽማግሌው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ፤ ሰምተዋል። «እትዬ፣ ሰሌዳ ክንፍ የለውም» አሉ።

ከአጥሩ ጥግ፣ ሸክላ ሠሪው ስንጥቅ ሲሆንበት ከሚወረውረው ክምር፣ አንድ እቅፍ ትንንሽ የሸክላ ሳህን አመጡ። ወደ ጎን ቆመው አንዱን እያሽከረከሩ ወደ ላይ ለቀቁት። ሳህኑ ከአጥሩ በላይ ከፍ አለ፣ ዞረ፣ ወደቀ። ምራትየዋ ገና ጠመንጃውን ከፍ እያደረገች ነበር። የሰደፉ ተረከዝ ብብቷ ሥር ተጠላልፎ አልወጣ ብሏት፣ ስታስለቅቀው ሳህኑ መሬት ላይ፣ እርሳሱ ሰማይ ላይ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ አማቷ።

ሁለተኛው ተለቀቀ። ቶሎ አነሣች፤ ግን ወደ ቀኝ ከፍ አድርጋ የማነጣጠሩ ብልጠት ለሚበር ነገር አልሆነም። ስንት ያህል ወደ ቀኝ? ከየት ወደ ቀኝ? እሱን ስታሰላ ሳህኑ አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። ከዚያ በኋላ የተለቀቁት ሁሉ አለፉ። ትከሻዋ አብጦ፣ ዓይኗ በጭስ ተቃጥሎ፣ የመጨረሻው ሳህን እንደ መጀመሪያው ሳይነካ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃውን አውርዳ ቆመች። ሰኞ ዓይኗ ላይ መጣ፤ የማታውቀው ሰው ዕቃውን ጭኖ መሻገሪያው ላይ ሲመጣ፣ የበሰበሰችውን ሳንቃ ረግጦ ሲሳደብ፣ ከዚያም መዶሻ ሲጠይቅ።

ጠመንጃ ሠሪው መጡና ክንዷን ያዙ። ከክርኗ እጥፋት እስከ ጣቷ በስንዝር ለኩ። ከዚያ ያንኑ ስንዝር ሰደፉ ላይ አሳረፉት። ሰደፉ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ።

«የጠመንጃው ጥፋት አይደለም» አሉ። «ያንቺም አይደለም። እኔ ይሄን ስሠራ ሰውየውን እዚህ ጓሮ አቁሜ ነው የለካሁት። ክንዱን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን። ልብስ ሰፊ እንደሚለካው። ምን ቢያደርጉት አንቺ ትከሻ ላይ ልክ አይሆንም። ያን ያህል ሲረዝምብሽ አፈሙዙ ወደ ግራ ይሸሻል፣ ክብደቱም ወደ መሬት ይጎትትሻል።»

«ምን ይሻላል አባባ?»

«መቁረጥ ነው። ከኋላው ሁለት ጣት።»



«ባሌ ሲመጣ መልሰው ያስረዝሙታል?» አለች ምራትየዋ ቀስ ብላ።

«እንጨት ጸጉር አይደለም ልጄ፤ የተቆረጠ አያድግም። ቢቀጥሉትም ቅጥል ነው፤ በመጀመሪያው እርግጫ ይሰነጠቃል።»

አማቷ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ጉቶ ተነሡ። መጡና ጠመንጃውን ከምራታቸው እጅ ወስደው ካፖርቱ ውስጥ መጠቅለል ጀመሩ።

«በቅሎዋን አዘጋጂ» አሉ። «እንሄዳለን።»

«እማማ…»

«የልጄን ክንድ ማንም አይቆርጥብኝም! ነገ ሲመጣ ምን ልለው ነው? ‹ሞተሃል ብለን ጠመንጃህን አሳጠርነው› ልበለው? ሬሳው ሳይገኝ ልብሱን አካፍዬ ልጠብቀው? አንቺስ፣ እንዴት ያስችልሻል?»

«አያስችለኝም» አለች።  «አያስችለኝም እማማ። እኔ የሌለ ሰው ትራስ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ የማሰጣ ሴት ነኝ። ይሄ እንጨት እሱ የሚያህለውን ያህላል። ከእሱ ቁመት የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። እየረዘመብኝ፣ ትከሻዬን እየሰበረኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እርስዎ ያዩኛል ብዬ ነው እንጂ ሲያመኝ እስቅ ነበር።»

አማቷ እጃቸው ካፖርቱ ላይ ቆመ።

«ግን ሰኞ ቤቱን ይወስዱብናል» አለች። «እሱ የሚያውቀው አንድ በር ነው። ‹እዚሁ ነው የምመጣው› ብሎናል። መጥቶ ቢያንኳኳ የማያውቀው ሰው ከፍቶ ‹ማንን ፈለግህ?› ሊለው ነው? ጠመንጃውን ሳይጎድል ይዘን የሰው በረንዳ ላይ ቁጭ ብንል በምን ያገኘናል? ከሁለት አንዱን ነው የምናቆይለት እማማ። ወይ በሩን፣ ወይ እንጨቱን።»

ሽማግሌው ወደ ባልዲያቸው ዞረው ኖራ ማማሰል ያዙ። በደህናው ጆሯቸው በኩል ነበሩ፤ ግን እንዳልሰማ ሆኑ፣ ጨዋ ሰው ናቸው።

አማቷ ጠመንጃውን እቅፍ አድርገው ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ሳህኖቹ ክምር፣ ወደ ምራታቸው ያበጠ ትከሻ አዩ። 

«ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ?» አሉ።

«አላውቅም። መጠበቁን ግን ልተወው አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አሉ። ካፖርቱን ገለጡት። «በል አንተ ሰውዬ፣ ና ወዲህ። ግን ስትቆርጠው የምይዘው እኔ ነኝ። በብረት ጉጠት ጠፍረህ እንዳታንገጫግጭብኝ።»

ከንዴታቸው የተነሣ አንቱታውን ረስተውት ነበር፤ ሽማግሌውም ቅር አላላቸውም።

ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሥራው ተጀመረ። ጠመንጃ ሠሪው የሰደፉን የኋላ ብረት ፈተው አስቀመጡ። በቀጭን ቢላ ዙሪያውን መሥመር አወጡ። አማቷ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመው ማለት ይቻላል፤ ሁለት ክንዳቸውን እንጨቱ ላይ ጠምጥመው በደረታቸው ተጫኑት። መጋዙ ደቃቅ ጥርስ ያለው ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በሄደና በመጣ ቁጥር ሴትዮዋ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምራትየዋ ማየት አቅቷት ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ድምፁን ግን ወዴት ታዙረው። ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ሲል ሦስቱም እኩል ተነፈሱ።

ሽማግሌው በሞረድ አስተካክለው፣ በዘይት አሽተው፣ ብረቱን መልሰው አሰሩ። ከዚያም አቀበሏት።

ጓሮው ውስጥ ሰሌዳው እንደገና ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። ቀለሁን አስገብታ ጠመንጃውን አነሣች። የሰደፉ ተረከዝ አልተጠላለፈም፤ ትከሻዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አረፈ። አንገቷን ዘንበል አደረገችና ጉንጯ እንጨቱ ላይ ወረደ፤ እስከ ዛሬ ካረፈበት ወደ ፊት ፈንጠር ብሎ፣ ደርሳበት የማታውቀው ቦታ ላይ።

እዚያ ቦታ እንጨቱ ሌላ ነው። ቫርኒሹ ተልጧል። ለዓይን እዚህ ግባ የማይባል፣ ለጉንጭ ግን የሚታወቅ፣ ስስ ጎድጓዳ አለ፤ ልስልስ ያለ፣ ከእንጨት ይልቅ ቆዳ የሚመስል። በየማለዳው፣ በየዓመቱ፣ አንድ ሰው ፊቱን ሲያሳርፍበት የኖረ ቦታ ነው። በስንት ጊዜ ውልወላ እጇ አልፎበታል፤ እጅ አያውቀውም። ክንዷ አጥሮ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር እንጂ፣ እሱ ሁልጊዜ እዚህ ነበር።

አልተኮሰችም።

«ሳቢው» አሉ ሽማግሌው።

«ይቆዩ» አለች። እንባዋ በጉንጯና በእንጨቱ መካከል ገባ። ከሄደ ወዲህ እንደዚህ ቀርባው አታውቅም። ፈራች፤ ፊቷን ካነሣች የሚሄድባት መሰላት። ከዚያ ደግሞ የማይሄድ መሆኑ ገባት፤ ጠባቂ ከሆነች በየማለዳው እዚህ ትመጣለች፣ ሥራዋ ነው፣ ማንም ለምን አይላትም። ዓይኗን ጠረገች። ቃታውን ሳበች።

ወደ ሰሌዳው የሄዱት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። እርሳሱ ክቡን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ምልክቱ በነጥብ ተሸፍኖ አይታይም። አንገታቸውን ነቀነቁና በብሩሹ ድብን አድርገው ቀቡት።

«ሳህን» አሉ።

«ሳህኑን እኔ ነኝ የምወረውር» አሉ አማቷ፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ኋላ ሽማግሌው አዘነላት ተብሎ ለሻለቃው እንዳይነገር።»

አወራወራቸው የጠላት ነበር። አንዱን በአጥሩ ላይ፣ አንዱን በፀሐይ በኩል፣ አንዱን ወደ ሰሌዳው ጀርባ፣ ሳያስጠነቅቁ። ምራትየዋ ማስላቱን ትታለች፤ ሳህኑን ብቻ ታያለች፣ ጉንጯ ቦታውን ያገኛል፣ እጇ ይከተላል። የመጀመሪያው አመለጣት። ሁለተኛው አየር ላይ አፈር ሆነ። ሦስተኛው አፈር ሆነ። የሳተቻቸውም ነበሩ፤ ጀማሪ ናት። ክምሩ ሲያልቅ ግን ሣሩ ላይ ያረፈው ሳህን ከተሰበረው ያነሰ ነበር።

ጠመንጃ ሠሪው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«የሻለቃው ሰው ማታ ይመጣል» አሉ። «ትተኩሳለች እለዋለሁ። ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

አማቷ ወደ ምራታቸው ተጠጉ። እንደ ልማዳቸው የሚያርሙት ነገር ሲፈልጉ ዓይኗ ማበጡን አዩ።

«ምን ሆነሽ ነው መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ተገትረሽ የቀረሽው?»

 ምራትየዋ ጠመንጃውን አጥፋ ባዶነቱን አየች፣ መልሳ ገጠመችው፣ ሰደፉን አንሥታ በአማቷ ትከሻ ላይ አስደገፈች። ሴትዮዋ «ኧረ ምን ልታደርጊኝ ነው» እያሉ ተፍጨረጨሩ። ራሳቸውን በእጇ ቀስ አድርጋ ዘንበል አደረገችላቸው።

«ጉንጭዎን ያሳርፉ እማማ። ትንሽ ወደ ፊት። እዚያ ጋ።»

ሴትዮዋ አሳረፉ። ሊያወሩ ጀምረው የነበረው ነገር ተቋረጠ። በዚያ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምናልባትም በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አሉ። ጣታቸው ወጥቶ ጎድጓዳዋን ፈለገ፣ ዳበሰ፣ ዳር ዳሯን ዞረ።

«ጢሙን ሳይላጭ ነው የሚተኩሰው» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ሳያነሡ። «እንጨቱን እንደ ሞረድ የበላው እሱ ነው። ስንቴ ነገርኩት። ይሄ ልጅ መቼ ይሰማል።»

ጠመንጃው ለአሮጊት ክንድ ይከብዳል። ምራትየዋ ከፊት ዞራ አፈሙዙን በሁለት እጇ ደገፈችላቸው፤ ክንዷ እየዛለ ሲሄድም ያውርዱት አላለቻቸውም።